የኤቢኤስ መብራት አልጠፋ ሲል ጥፋቱን ከየት እንጀምር? (17 መልሶች)

መነሻ ጥያቄ

ጠያቂው ኤቢኤስ ያለው ሞተር ሳይክል ነው የሚነዳው። ኤቢኤስ ማለት ፍሬን በኃይል ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የፍሬኑን ግፊት ለቀቅ እያደረገ የሚይዝ ሥርዓት ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቢጫ የኤቢኤስ መብራት ሲነሳ እንደ ወጉ ይጠፋል፤ ኮረኮንች መንገድ ላይ ሲገባ ግን ተመልሶ ይበራል፣ ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ እንደገና ካላስነሳ በቀር አይጠፋም። ሌላም ጣጣ አለበት። ሊቆም ሲቃረብ፣ ፍጥነቱ በጣም ወርዶ ሳለ፣ የእጅ ፍሬኑ ጣቶቹ ሥር ይርገበገባል፤ ለቅጽበትም ፍሬኑ የለቀቀው ይመስለዋል። የወሰደበት ጋራዥ ምንም ሳይለካ ሞጁሌተሩ ስለሞተ መለወጥ እንዳለበት ነግሮታል። ሞጁሌተር ማለት ፓምፑን፣ ቫልቮቹንና ኮምፒውተሩን በአንድ ላይ የያዘው ሳጥን ነው፤ ከኤቢኤስ ዕቃዎች ሁሉ ውዱም እሱ ነው። ጠያቂው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ማወቅ የፈለገው ሁለት ነገር ነው፦ መብራቱ ከበራ በእርግጥ ሞጁሌተሩ ነው ማለት ነው ወይ? እስኪጣራስ ድረስ ሞተሩን መንዳት ይቻላል ወይ?

መልሶቹን በየቁጥራቸው የምተርክላችሁ፣ ይህን መብራት አይቶ በቀጥታ ወደ ውዱ ዕቃ የሚሮጥ ሰው ስለበዛ ነው። ፍሬን ደግሞ በግምት የሚሠራ ነገር አይደለም።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ በትህትና ነው የጀመረው። ቁልፍ ሲከፈት መብራቱ መታየቱ ጤንነት እንጂ ሕመም እንዳልሆነ አስረዳ። ኮምፒውተሩ ራሱን የሚፈትሸው ያኔ ነው፤ ፈተሻውን የሚጨርሰው ግን ጎማዎቹ ዞረው ፍጥነታቸውን የሚያነቡትን የሁለቱንም ሴንሰር ምልክት ካየ በኋላ ስለሆነ፣ በአብዛኞቹ ሞተሮች መብራቱ የሚጠፋው ከእግረኛ ፍጥነት ትንሽ ካለፉ በኋላ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ቆሞ ሳለ መብራቱን አይቶ መደንገጥ አያስፈልግም። ቁልፍ ሲከፈት ጭራሽ የማይበራ ከሆነ ግን ያም ራሱ ብልሽት ነው።

ሁለተኛውንም ጥያቄ መልሷል። ጥፋት ሲገኝ ኤቢኤሱ ራሱን ያገላል፣ ተራው ፍሬን ግን በዘይት ግፊት መሥራቱን ይቀጥላል። መንዳት ይቻላል፤ አጥብቆ የያዘ ሰው ጎማው ሊቆለፍበት እንደሚችል ግን ማወቅ አለበት። ፍሬኑ በራሱ ጊዜ የሚለቅ ከመሰለ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነውና፣ ጠያቂው ይህን ሳያጣራ ረጅም መንገድ እንዳይወጣ መክሯል። ልክ ነው።

መልስ 2

አጭር መልስ፦ ባትሪ። የእሱ ሞተር መብራቱን የሚያሳየው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር። ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ኮምፒውተሩም ያንን እንደ ጥፋት ይመዘግባል። ፈትሾ ያገኘው የባትሪው ራስ ላይ ያለ ብሎን በጣት የሚንቀሳቀስ ሆኖ ነው። ቁጥርም ሰጥቷል፦ ያረፈ ጤነኛ ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት፣ ሞተሩ ተነስቶ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 አካባቢ ሊያሳይ ይገባል። የጠያቂው ችግር ከኮረኮንች ጋር የተያያዘ ስለሆነ ይህ ዋናው መልስ አይመስልም፤ ግን ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ ስለሆነ ቀዳሚ መሆኑ ተገቢ ነው።

መልስ 3

እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። ሦስተኛው መላሽ ግምት ይብቃ፣ ኮዱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የመዘገበው የጥፋት ቁጥር፣ ይነበብ ባይ ነው። በቆዩት ሞተሮች ብዙ ጊዜ የምርመራ ሶኬቱ ውስጥ ያሉ ሁለት ሽቦዎችን መመሪያው እንደሚያዘው በማገናኘት የመብራቱን ብልጭታ መቁጠር ይቻላል። የአውሮፓን የጭስ ልቀት ደንብ ዩሮ 5ን የሚያሟሉት አዳዲሶቹ ደግሞ ባለ 6 ፒን ሶኬት አላቸው፤ የሶኬቱ ዓለም አቀፍ ደረጃ አይኤስኦ 19689 ይባላል። የኢንጂን ኮድ ብቻ የሚያነብ ርካሽ መሣሪያ ኤቢኤሱን ላያየው እንደሚችልም አስጠንቅቋል። ያለኮድ ሞጁሌተር ለውጥ ያለውን ጋራዥ በኃይለኛ ቃል ነው የወረደበት፤ ቃሉን እዚህ መድገም አያስፈልግም።

ከዚህ መልስ መያዝ ያለበት አንድ ነገር አለ። ኮዱ ከመሰረዙ በፊት ይጻፍ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ይሰርዝና መብራቱ ሲጠፋ ደስ ይለዋል፣ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ሲበራ ግን ምን እንደነበር የሚያስታውስ የለም።

መልስ 4

ጠያቂው ተመለሰ። ኮዱን ሌላ ቦታ አስነብቦ የፊት ጎማ ፍጥነት ሴንሰር ምልክት እንደሚቆራረጥ የሚያመለክት ሆኖ አገኘው። ስለፓምፑም ሆነ ስለቫልቮቹ አንድም ኮድ አልተመዘገበም።

መልስ 5 እና 6

አምስተኛው እንግዲያው ሴንሰር ገዝቶ መለወጥ ነው ብሎ በአንድ መስመር ዘጋው። ስድስተኛው አልለቀቀውም። ኮዱ የሚናገረው ስለምልክቱ እንጂ ስለዕቃው አይደለም፤ የት አካባቢ እንደምንፈልግ ይጠቁማል፣ የቱ ዕቃ እንደሞተ ግን አይመሰክርም። ምልክቱ እንዲደርስ ሴንሰሩ፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውና ሴንሰሩ ጥርሶቹን የሚያነብበት ጥርሳሙ ቀለበት፣ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት፣ ሽቦው፣ ሶኬቱና ኩሽኔታው ሁሉ ደህና መሆን አለባቸው።

ከዚያ በተራ ሄደበት፤ የውይይቱ ምርጥ ክፍል ለእኔ ይህ ነው። ሴንሰሩ ተፈትቶ ጫፉ ይታይ። ውስጡ ማግኔት ያለበት ዓይነት ከሆነ ከፍሬን ሸራና ከዲስክ የሚረግፈው የብረት ብናኝ ጫፉ ላይ እንደ ጥቁር ጭቃ ተጣብቆ ይገኛል፤ በንጹሕ ጨርቅ ሲጠረግ ጨርቁ ይጠቁራል። ቀጥሎ ሽቦው፦ ከጎማው ተነስቶ ሹካውን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፣ መሪ በዞረ ቁጥር አብሮ ይታጠፋል። የላይኛው ላስቲክ ምንም ሳይሆን ውስጡ ያለው መዳብ ሊቆረጥ ይችላል። መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው እያዞሩ፣ ሽቦውን በጣት እያጠፉ መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ማየት ነው። ሶኬቱ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ካለ ደግሞ ከዚያ በላይ መሄድ አያስፈልግም።

ክፍተቱ በብዙ ሞተሮች ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙ አይርቅም፤ ትክክለኛው ቁጥር የየሞተሩ መመሪያ ላይ አለ። አንድ ቦታ ብቻ መለካት ግን ዋጋ የለውም። ጎማው ቀስ እያለ እየዞረ ቀለበቱ ዙሪያውን መለካት አለበት፤ አንድ በኩል ጠብቦ ሌላ በኩል ከሰፋ ቀለበቱ ተጣሟል። በመጨረሻም ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ። ከተንገጫገጨ ኩሽኔታው ላልቷልና፣ ክፍተቱ በየመንገዱ ይለዋወጣል ማለት ነው።

መልስ 7

አዲስ ገቢ ነው። እሱም ተመሳሳይ ኮድ ኖሮት ሴንሰሩን ነቅሎ በኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋሙን) ሲለካ መልቲሜትሩ ምንም አላሳየውም። ሞቷል ብሎ ሊጥለው ነበር፤ መጀመሪያ እንጠይቅ ብሎ ነው የገባው።

መልስ 8

ተረጋግቶ የመለሰለት ሰው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይመስላል። ሴንሰሮቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ማግኔትና ጥቅል ሽቦ ብቻ ነው፤ ጥርሶቹ ሲያልፉበት ራሱ ተለዋዋጭ ቮልቴጅ ያመነጫል፣ በኦምም ሊለካ ይችላል። ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ተሰጥቶት የሚሠራ ኤሌክትሮኒክ ሴንሰር ነው። እሱ በኦም አይመረመርም፣ የመልቲሜትሩ የራሱ ኤሌክትሪክ እንኳ ሊጎዳው ይችላል። እንዲህ ያለውን እንደተሰካ ትቶ፣ ቁልፍ ከፍቶ፣ የሚገባውን ቮልት ማየት፣ ከዚያ ጎማውን በእጅ እያዞሩ ምልክቱ ከፍና ዝቅ ማለቱን መከታተል ነው። በሽቦው ብዛት ዓይነቱን ለመለየት መሞከር ያሳስታል፤ መመሪያው ይታይ። ሰባተኛው አመስግኖ ሴንሰሩን መልሶ ገጠመ።

መልስ 9

ይህ የእኔ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም መብራቱ ላይ አተኩሮ የሚርገበገበውን ፍሬን ረስቶት ነበር፤ እኔን ያሳሰበኝ ግን እሱ ነው። የጻፍኩት ባጭሩ እንዲህ ነበር። መጠኑ 120/70-17 የሆነ ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር ወደ 1.9 ሜትር ይሄዳል። ቀለበቱ 50 ጥርስ አለው እንበል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ላይ ኮምፒውተሩ በሴኮንድ 265 ያህል ምልክት ይቀበላል፤ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ላይ ግን 50 ያህል ብቻ። ምልክቱ ብዙ ሲሆን አንዱ ቢጎድል በሌሎቹ ይሸፈናል። ጥቂት ሲሆን ግን የአንዱ መጉደል ጎልቶ ይወጣል፦ በሁለት ምልክቶች መካከል ያለው ጊዜ እጥፍ ስለሚሆን ጎማው በድንገት በግማሽ የቀነሰ ይመስላል። ኮምፒውተሩ ጎማው ሊቆለፍ ነው ብሎ የፍሬኑን ግፊት ይለቃል። ነጂው የሚሰማው መርገብገብ ይህ ሊሆን ይችላል። መብራት ላይበራም ይችላል፣ ምክንያቱም ከኮምፒውተሩ አንጻር ኤቢኤሱ ሥራውን ነው የሠራው። መብራት አለመብራቱ የጤንነት ማስረጃ አይደለም።

መልስ 10

አሥረኛው በቁጣ መጣ። ያሰላሁትን ሁሉ የወረቀት ጨዋታ አድርጎ ቆጠረው። የሚርገበገብ ፍሬን የተጣመመ ዲስክ ነው፤ ብዙ ዲስክ ለውጧል፣ ሁልጊዜም ያ ነበር። ማስረጃው ደግሞ መርገብገቡ ጎማው በዞረ ቁጥር አንዴ መምጣቱ ነው።

ስለ ዲስኩ ያለው ነገር እውነት አለው። ጎማ በዞረ ቁጥር አንዴ መምጣቱ ግን ሁለቱን አይለይም፤ የተጣመመ ዲስክም የተጣመመ ቀለበትም የሚዞሩት ከዚያው ጎማ ጋር ነው።

መልስ 11

ክርክሩን የፈታው ይህ መላሽ ነው፤ ለሁለታችንም ሳያዳላ። ባዶ፣ ደረቅና ሜዳ የሆነ ቦታ ተፈልጎ በዝግታ እየነዱ መርገብገቡ ይታይ። ከዚያ ቁልፍ ተዘግቶ የኤቢኤሱ ፊውዝ ይነቀልና ያው ነገር በዚያው ፍጥነት ይደገም። መርገብገቡ ካልጠፋ ዲስኩ ነው፣ ከጠፋ ግን ፍሬኑን ሲለቅ የነበረው ኤቢኤሱ ነው። ፊውዙ ሲነቀል መብራቱ ይበራል፣ ኮድም ይመዘገባልና ከፈተናው በኋላ ይሰረዝ።

ከዚህ የተሻለ ምርመራ አላውቅም። ምንም አይገዛበትም፣ ምንም አይፈታበትም።

መልስ 12

አንድ ማስተካከያ፣ ከባድም ነው። ፊውዝ መንቀል ለሁሉም ሞተር አይሆንም። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት የሠራቸው አንዳንድ ሞተሮች ፍሬናቸው በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚታገዝ ነው። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ፍሬኑ ጨርሶ ባይጠፋም ከተለመደው እጅግ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። እንዲህ ዓይነት ሞተር ያለው ሰው መመሪያውን ሳያነብ እንዳይሞክረው።

ኩባንያው ከተነሳ ወዲያ ወሬው ሸሸ። ይኸው መላሽ የመጀመሪያው የሞተር ኤቢኤስ እ.ኤ.አ. በ1988 በዚያው ድርጅት ኬ100 በተባለው ሞተር ላይ እንደወጣ አስታወሰ። ቀጥሎም የአውሮፓ ኅብረት ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑ ሞተሮች እ.ኤ.አ. ከ2016 አንስቶ ለአዲስ ሞዴሎች፣ ከ2017 ደግሞ ለአዲስ ለሚሸጡት ሁሉ ግዴታ እንዳደረገው፣ ህንድም በ2018 እና በ2019 እንደተከተለች ጻፈ።

መልስ 13

ወሬው ጭራሽ ከመንገድ ወጣ። አሥራ ሦስተኛው ኤቢኤስ ለሰነፍ ነጂ የተሠራ ነው፣ ጠጠር ላይም መቆሚያ ርቀቱን ያረዝማል ብሎ ተከራከረ። ልቅ ጠጠር ላይ ያለው እውነት ነው፤ የተቆለፈ ጎማ ጠጠሩን ከፊቱ ስለሚቆልል ቶሎ ሊቆም ይችላል፣ ለዚህም ነው ለጥርጊያ መንገድ የተሠሩ ብዙ ሞተሮች የኋላውን ኤቢኤስ ማጥፊያ ያላቸው። አስፋልት ላይ በድንጋጤ ፍሬን የያዘ ሰው ግን የፊት ጎማው ከተቆለፈ ወዲያው ይወድቃል፤ ያኔ ስንፍናና ጉብዝና የሚባል ነገር የለም። የመድረኩ አስተናጋጅ ገብቶ ሁሉንም ወደ ጥያቄው መለሰ።

መልስ 14

ከመካኒክ የመጣ መልስ ነው፣ በመጠኑም ቅሬታ አለበት። ጋራዥ ሁሉ አታላይ ተደርጎ መቅረቡ አልተመቸውም። ሞጁሌተር በእርግጥ ይበላሻል። የፍሬን ዘይት፣ ዶት 4ም ሆነ ዶት 5.1፣ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ለዓመታት ሳይቀየር ሲቆይ እርጥበቱ ቫልቮቹን ያዝጋል፣ ፓምፑም ይያዛል። አብዛኞቹ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ እንዲቀየር የሚያዙት ለዚህ ነው። ዶት 5 የሚባለው ግን ሲሊኮን ነውና ኤቢኤስ ውስጥ አይገባም፤ በቁጥሩ መመሳሰል የተሳሳቱ ሰዎች አጋጥመውታል።

ሞጁሌተር ሲሞት ደግሞ የፓምፕ ወይም የቫልቭ ኮድ ይሰጣል። ያኔም ቢሆን በመጀመሪያ ትልልቆቹ ፊውዞች፣ ወደ ሳጥኑ የሚገባው ኤሌክትሪክና የኔጌቲቩ ሽቦ መፈተሽ አለባቸው። ሳጥኑ ከተፈታ ወዲህ ውስጡ አየር ሊቀር ይችላል፤ በአንዳንድ ሞተሮች ይህን አየር ማስወጣት የሚቻለው ቫልቮቹን በምርመራ ማሽን በመክፈትና በመዝጋት ብቻ ነው። በዚሁ አጋጣሚ አንድ ጠቃሚ ነገር ጨመረ። ሞተሩን በመሀል ማቆሚያ አቁሞ ማርሽ አስገብቶ ሰንሰለት የሚያጸዳ ሰው መብራቱ ቢበራበት አይደንግጥ፤ የኋላው እየዞረ የፊቱ ስለቆመ ኮምፒውተሩ ግራ ይጋባል። አጥፍቶ አስነስቶ ትንሽ ከነዳ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል።

መልስ 15

አንዱ አምፖሉን ነቅሎ ወይም ኤቢኤሱን አቋርጦ መገላገል ይሻላል አለ። እሱን ተከትሎ የመጣው ወቀሳ ከባድ ነበር፤ ይገባዋልም። መብራቱን የጨፈነ ሰው ሞተሩን ነገ ለሌላ ሰው ይሸጣል፣ ገዢውም ኤቢኤስ አለኝ ብሎ ያምናል። ከፍሬን ብልሽት የማይታየው ይብሳል።

መልስ 16

ጠያቂው ውጤቱን ይዞ መጣ። ፊውዙን ነቅሎ ሲሞክር መርገብገቡ ጠፋ፤ ስለዚህ ዲስኩ ነፃ ወጣ። ጎማውን አንስቶ ቀለበቱን ዙሪያውን ሲለካ ክፍተቱ በአንድ በኩል በግልጽ ሰፍቶ አገኘው። ከቀለበቱ ብሎኖች አንዱ በእጅ የሚዞር ነበር፤ እዚያው ጎን ላይ ያለ አንድ ጥርስም ወደ ውስጥ ተጎንብሷል፣ የብረት ጭረትም አለበት። ጎማው ከጥቂት ጊዜ በፊት ተቀይሮ ስለነበር፣ ጎማ ማውጫው ብረት ሳያርፍበት አልቀረም። የጎበጠው ጥርስ ሊቆም ሲል ፍሬኑን ያስለቅቅ ነበር፤ የላላው ብሎን ደግሞ ኮረኮንች ላይ ቀለበቱን እያነቃነቀ ምልክቱን ያቋርጥና መብራቱን ያበራ ነበር። አዲስ ቀለበት ገጥሞ ኮዱን ሰረዘ። ሴንሰሩም ሞጁሌተሩም የድሮዎቹ ናቸው።

አሥረኛው መላሽ ተመልሶ የእንኳን ደስ ያለህ ጻፈለት፤ ከዚህ በኋላ ዲስክ ከመለወጡ በፊት ፊውዙን እንደሚነቅልም ጨመረ።

መልስ 17

የመጨረሻው መላሽ ማስጠንቀቂያና ጥያቄ አለው። የሚገጠመው ቀለበት የጥርሱ ብዛት ከድሮው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ የጎማ ቁጥርም ሲቀየር የፊቱና የኋላው ፍጥነት ስለማይገጥም ያው መብራት ሊመጣ ይችላል። ጥያቄው ስለ ብሎኖቹ ነው፦ የድሮዎቹ ብሎኖች ጥርስ ላይ የደረቀ የብሎን ማጣበቂያ ነበረባቸው ወይ? ከነበረባቸው አሮጌው ተጠርጎ አዲስ ተቀብቶ፣ መመሪያው ባዘዘው ኃይል በቶርክ መፍቻ መጥበቅ አለባቸው። ጠያቂው ይህን ማድረግ አለማድረጉን ገና አልመለሰም።